ሳል ያከሳው ሰውነት፦ የቲቢ ታማሚ ክብደቱን እንዴት ይመልስ?

በእኛ አገር «ምነው ከሳህ?» ተራ ጥያቄ አይደለም። ጠያቂው በልቡ አንድ ነገር ጠርጥሯል፤ ተጠያቂውም ይህን ያውቃል። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አንገር ጉቲንም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ሳል ይዞት ሱሪው የሰፋው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀበቶውን ማጥበቅ ነው፤ ከዚያም ከሹራቡ ላይ ጃኬት ይደርባል። «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ፌጦ ይጠጣል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይወስዳል። እንዲህ እያለ ሳምንታት ያልፋሉ።

ዛሬ የምናነሳው የሳንባ ቲቢን ነው፤ በተለይ ደግሞ ቲቢ ስለሚያመጣው ክሳት። ስለ መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ይነገራል። ስለ ምግቡ ግን ታማሚው የሚሰማው «ጥሩ ጥሩ ነገር ብላ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጥሩ ነገር የሚባለው ምንድን ነው? ምን ያህል? ምግብ የሚያስጠላውስ ሰው እንዴት ይብላ? ይህን በዝርዝር መነጋገር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ከጸናባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፣ መንገድ የተዘጋበትና ማሳ ሳይታረስ የከረመበት ጊዜም ነበር። ለቲቢ ከዚህ የበለጠ የሚመቸው የለም፤ የሚፈልገው የተጨናነቀ መጠለያና የተራበ ሰውነት ነውና።

ለምን ያከሳል?

ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰው በሽታውን የሚያውቀው በክሳቱ ነበር። የጥንት ግሪኮች የሰጡት ስም ራሱ መመንመን ማለት ነው።

ባክቴሪያው ሥጋችንን አይበላም። የሚያከሳን በአብዛኛው የራሳችን ሰውነት የሚያደርገው ውጊያ ነው። ማታ ማታ የሚመጣው ትኩሳትና ሌሊት አንሶላ የሚያረጥበው ላብ ጉልበት ይጨርሳሉ። ሰውነት በእረፍት ላይ ሳለ እንኳ ከወትሮው የበለጠ ያቃጥላል። በዚህ ላይ የመከላከያ ሴሎቻችን የሚረጩት ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር በአንድ በኩል ባክቴሪያውን ለመክበብ ይረዳል፤ በሌላ በኩል ወደ አንጎል ደርሶ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ጡንቻም እንዲፈርስ ያዛል። ተመራማሪዎች መጀመሪያ ሲያገኙት «አመንማኝ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተውት ነበር። ስለዚህ የቲቢ ታማሚ «አልበላም» ሲል ጥጋበኛ ሆኖ ወይም ተበሳጭቶ አይደለም። ፍላጎቱን የዘጋበት በሽታው ነው። ቤተሰብ ይህን ቢረዳ ብዙ ንዝንዝ ይቀራል ብለን እናስባለን።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢን ባክቴሪያ በሰውነቱ ይዞ እንደሚኖር ይገመታል፤ አብዛኛው ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ አይታመምም፣ መከላከያው አስተኝቶ ያቆየዋል። ረሃብ ሲመጣ ያ ጥበቃ ይላላና የተኛው ይነቃል። ረሃብ ቲቢን ይጠራል፣ ቲቢም መልሶ ያስርባል። ይህን ዙር ለመስበር ከሁለቱም በኩል መግባት ግድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «መጀመሪያ ትንሽ ልጠንክር፣ ልወፍርና እሄዳለሁ» የሚሉ አሉ። ምግብ ብቻውን ባክቴሪያውን አይገድልም። መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት አውሮፓውያን ታማሚዎቻቸውን በተራራ ላይ ማረፊያዎች ሰብስበው ወተትና እንቁላል ያበሏቸው ነበር፤ ከእነሱም እጅግ ብዙው ሞቷል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ሳይፈልጉ መክሳት፦ ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር አክታውን ያስመርምር። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ባክቴሪያው መኖሩን፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም ይናገራል። መሣሪያው በአቅራቢያችሁ ባይኖርም ጤና ጣቢያው አክታውን ወይም እናንተን ወዳለበት ይልካል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት

የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት ዓይነት። በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሚዛኑ የሚናገረው ነገር ከምናስበው በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደው ጃርካንድ በተባለው የሕንድ ክፍለ ግዛት ነው፤ ድሃ፣ ገጠር የሚበዛበትና ሰዉ ከሳ ያለበት አካባቢ ነው፣ ከእኛ ብዙ አይርቅም። 2,800 ለሚሆኑ የሳንባ ቲቢ ታማሚዎች ከመድኃኒታቸው ጋር በየወሩ 10 ኪሎ የሚሆን ቀለብ ተሰጣቸው፦ 5 ኪሎ ሩዝ፣ 3 ኪሎ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት፣ አንድ ኪሎ ተኩል የዱቄት ወተት፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ተጨማሪም ቪታሚን። በቀን ሲሰላ 1,200 ካሎሪና 52 ግራም ፕሮቲን ነው። በሁለት ወር ውስጥ ክብደታቸው በ5 በመቶ የጨመረ ታማሚዎች የመሞት አደጋቸው ካልጨመሩት ጋር ሲነጻጸር 61 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የቤተሰብ አባላትም ቀለብ ባገኙባቸው ቤቶች በቲቢ የሚያዘው አዲስ ሰው ቀለብ ካላገኙት ቤቶች በግማሽ ሊጠጋ በሚችል መጠን ቀነሰ።

5 በመቶ ስንት ነው? ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሆኖ 48 ኪሎ የሚመዝን ሰው እናስብ። ክብደቱን ለቁመቱ ካሬ ብናካፍለው 16.6 ይመጣል፤ ጤነኛ የሚባለው ከ18.5 ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ ክፉኛ ከስቷል። ለዚህ ሰው 5 በመቶ ማለት 2 ኪሎ ከ400 ግራም ነው። በሁለት ወር 50 ኪሎ ከደረሰ መንገድ ይዟል ማለት ነው። 18.5 ላይ ለመድረስ 53 ኪሎ ተኩል ገደማ ያስፈልገዋል፤ ይህ ግን የስድስት ወሩና የዚያ በኋላ ሥራ ነው። ለሁለት ወር የተቀመጠው ግብ ትንሽ መሆኑ ልብ ይበል። ታማሚን ተስፋ የሚያስቆርጠው በአንድ ሳምንት የድሮ ሰውነቱን መፈለጉ ነውና።

ስለዚህ በየቀጠሮው ተመዘኑ፤ ካልመዘኗችሁም «መዝኑኝ» በሉ። ቁጥሩን ራሳችሁም ጻፉት። የመድኃኒቱ ፍሬ ብዛት የሚወሰነው በኪሎ ስለሆነ ክብደት ሲጨምር መጠኑ ሊስተካከል ይገባው ይሆናል።

ከአንገር ሸለቆ ምን ይበላል?

ስለ ጥሩ ምግብ ሲወራ ሥጋና ፍራፍሬ ብቻ የሚታየን ከሆነ ድሃው ከወዲሁ ተስፋ ይቆርጣል። የሕንዱን ቀለብ ግን ደግማችሁ ተመልከቱት፤ ሥጋ የለበትም። የተቆላ ሽምብራ፣ እህል፣ ዘይት፣ ወተት ነው።

የአንገር ሸለቆና አካባቢው በቆሎና ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተር የሚበቅልበት ምድር ነው። ብዙው ግን ለገበያ ይጫናል። ለታማሚ የሚሆን እፍኝ ለውዝና ማንኪያ ሰሊጥ ቤት ውስጥ ይቅር። 100 ግራም የተቆላ ለውዝ፣ በግምት ሦስት እፍኝ ማለት ነው፣ 570 ካሎሪና 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይይዛል። ከሕንዱ የቀን ቀለብ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሻጋታ የነካውን ግን ጣሉት፤ የለውዝ ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለው፣ የቲቢ መድኃኒትም ጉበት ላይ ጫና አለው። አኩሪ አተር ፕሮቲኑ ከሽምብራም ይበልጣል፤ ጥሬውን ወይም ግማሽ ብስሉን መብላት ግን ሆድ ያውካል፣ በደንብ ተቆልቶ ከሽሮ ወይም ከበሶ ጋር ቢፈጭ ይሻላል።

ሕዝቡ ራሱ ከተለያየ ቦታ መምጣቱም ይጠቅማል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ቤተሰቦች በሶውንና ቆሎውን ይዘው መጥተዋል፤ የወለጋ ኦሮሞ ደግሞ ጩኮና አንጮቴ አለው። ጩኮ የተቆላ ገብስ በቅቤ የታሸ ነው። ብዙ መብላት ለማይችል ሰው ትንሿ ጉርሻ ብዙ ጉልበት ትይዛለች፣ ሳይበላሽም ይቆያል። አንጮቴ በካልሲየም የታወቀ ሥር ነው፤ ብቻውን ግን ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ በቅቤና በአይብ ይበላ።

ዋናው ዘዴ የሳህኑን መጠን ማብዛት አይደለም፤ ያው ትንሽ ምግብ ውስጥ ጉልበት መጨመር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። በአጥሚቱ፣ በሽሮው፣ በቅንጬው ላይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይታከል። በውኃ ይፈላ የነበረው ሙቅ በወተት ይሁን። አጥሚቱ ውስጥ የተፈጨ ሰሊጥ ወይም ለውዝ ይግባ። ከወጡ ጋር አንድ እንቁላል ይቀቀል። ከገብስ ዱቄት የሚሠራው ተልቢና በቡኻሪ ሐዲስ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) በተዘገበው መሠረት ለታማሚ የሚመከር ነው፤ የእኛው አጥሚት የቅርብ ዘመዱ ነው። ወተቱ ግን ይፍላ። ከብትም ቲቢ ይይዘዋል፣ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። «የላም ወተት ትኩሱን» የሚለው ልማድ ለታማሚ ቤት አይሆንም።

በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ለጤነኛ ነው። ታማሚው አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይቅመስ። ትኩሳቱ የሚነሳው ወደ ማታ ስለሆነ ብዙዎች የተሻለ የሚበሉት ጠዋት ነው፤ ስለዚህ የቀኑ ዋና ምግብ ጠዋት ቢሆን ምን ችግር አለ? ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ ራቅ ብሎ ይጠጣ፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉ።

ስለ ጫትም ሳንናገር አናልፍም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው እራቱ አልፎታል ማለት ነው። ክፍሉም መስኮት የተዘጋበት፣ ሰው የተጨናነቀበት፣ ጭስ የሞላበት ከሆነ ቲቢ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። በስድስቱ ወር መተው የማይችል ሰው እንኳ ምሳውን ጠግቦ ሳይበላ አይቀመጥ። የኛ አቋም ግን መተው ነው።

ሳህኑን አትለዩበት

በብዙ ቤት ቲቢ እንደተሰማ መጀመሪያ የሚለየው ሳህንና ኩባያ ነው። ታማሚው ጥግ ላይ ብቻውን ይቀርብለታል። ይህ በሽታውን አይከላከልም፤ ቲቢ የሚተላለፈው ታማሚው ሲስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጣው አየር ነው፤ በሳህን፣ በማንኪያ፣ በእጅ መጨባበጥ አይተላለፍም። ልየታው የሚያመጣው ነገር ቢኖር ታማሚው አለመብላቱን ነው። እኛ አገር ምግብ ማዕድ ነው፤ ሰው የሚበላው ከሰው ጋር ሲሆን፣ «በሞቴ» ተብሎ ሲጎረስ ነው። ፍላጎቱ የተዘጋ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሁለት ጉርሻ ወስዶ ሳህኑን ይገፋዋል። ከአጠገቡ እናቱ ወይም ባለቤቱ ብትኖር አምስት ይጎርስ ነበር።

መጠንቀቅ ያለብን ከአየሩ ነው። መድኃኒት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻውን ይተኛ፣ ሲስል አፉን በክርኑ ወይም በጨርቅ ይሸፍን፣ መስኮትና በር ይከፈት። ማዕዱም በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ይዘርጋ። መድኃኒቱ እየሠራለት በአግባቡ የሚወስድ ታማሚ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይወርዳል።

መድኃኒቱ ሲያቅለሸልሽ

የቲቢ መድኃኒት በባዶ ሆድ ቢወሰድ የተሻለ ነው ይባላል። ሲያቅለሸልሽ ግን መድኃኒቱን ከመተው ከቀላል ምግብ ጋር ወይም ማታ ከመተኛት በፊት መውሰድ ይሻላል፤ ባለሙያውን አማክራችሁ ሰዓቱን ቀይሩ። ሽንት ወደ ብርቱካናማ ቢቀየር አትደንግጡ፣ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ሲጠቁር፣ ትውከቱ አልቆም ሲል ግን ጉበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እግር መደንዘዝና ማቃጠል ከጀመረ ቫይታሚን ቢ6 ያስፈልግ ይሆናል፤ ለነርሷ ንገሯት።

ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒቱን ወስዶ፣ እየበላም ክብደቱ ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ሰው ዝም ብሎ መቀጠል የለበትም። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ይሆናል። ስኳር በሽታ ወይም ኤችአይቪ አብሮ ይኖር ይሆናል፤ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። «ከሳ፣ ኤችአይቪ ነው» ተብሎ እንዳይወራ በመፍራት ምርመራውን የሚሸሽ አለ። ያልተመረመረው ያው እየከሳ ይሄዳል፤ ወሬውም አይቀርለትም። በጣም ለከሱት ደግሞ በአንዳንድ ጤና ተቋማት ፕላምፒነት ወይም ሌላ አልሚ ምግብ ሊሰጥ ስለሚችል መኖሩን ጠይቁ። ለታማሚው የተሰጠው ግን ለታማሚው ነው፤ ለልጆች ተካፍሎ ወይም ተሽጦ ማለቁ የተለመደ ችግር ነው፣ በባዶ ቤት ልጅ እያለቀሰ እናት ብቻዋን ትብላ ማለትም ቀላል አይደለም። የሕንዱ ጥናት ለቤተሰቡም ቀለብ የሰጠው በከንቱ አልነበረም።

በግጭት ምክንያት ቀዬውን የለቀቀ ሰው የሕክምና ካርዱን ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። የደረሰበት ማንኛውም የመንግሥት ጤና ተቋም ካቆመበት ሊያስቀጥለው ይችላል። ካርዱ ቢጠፋም መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደጀመረ ይናገር። ማቋረጥ ባክቴሪያውን መድኃኒት ያላምደዋል።

ጾምና ቀለብ

ረመዷን ሲመጣ «ሁሉ ሲጾም እኔ እንዴት እበላለሁ» የሚል ታማሚ አይጠፋም። በሱረቱል በቀራህ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው ማፍጠር ተፈቅዶለታል፤ ሲድን ቀዳእ ያወጣል። ቲቢ የሚድን በሽታ ስለሆነ የሚመለከተው ቀዳእ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ መብላት ያለበት፣ የማታ ትኩሳት ያለበትና ክብደቱ የወረደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት መጾሙ ያንን የሁለት ወር ግብ ያሳጣዋል። ሕክምናውን ሊጨርስ የተቃረበና ክብደቱ የተመለሰ ሰው ጉዳይ ግን የተለየ ስለሆነ ሐኪሙንና የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ያፈጠረውን ታማሚ በክፉ ዓይን የሚያይ ጎረቤትም ይህንኑ አንቀጽ ያስታውስ።

ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች የመጀመሪያዎቹ ፉቀራእና መሳኪን ናቸው። በሽታ ከሥራ ያስቀመጠው የቀን ሠራተኛ፣ ማሳውን ጥሎ የመጣ ተፈናቃይ ከእነሱ ውስጥ ነው። በየመስጂዱ ያለ ጀማዓ ለአንድ ታማሚ ቤት ስድስት ወር ቀለብ መያዝ ቢፈልግ ዝርዝሩ አይከብድም፦ በወር 5 ኪሎ የበቆሎ ወይም የጤፍ ዱቄት፣ 3 ኪሎ የተቆላ ሽምብራ፣ ወተት ወይም በምትኩ ለውዝና እንቁላል፣ ግማሽ ሊትር ዘይት። ማን እንደታመመ በአደባባይ መጠራት የለበትም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በታማሚው ፈቃድ ቀለቡ የሚደርስበትን መንገድ ልታመቻች ትችላለች።

ቀለቡን ይዞ የሚሄደው ሰው አንድ ጥያቄም ይዞ ይሂድ፦ ቤቱ ውስጥ ያሉት ተመርምረዋል ወይ? በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከታማሚው ጋር አብረው ሲኖሩ በሽታው ቶሎ ያጠቃቸዋል፤ ሕፃን ደግሞ ሁልጊዜ አይስልም፣ ምልክቱ ክብደት አለመጨመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ታመው ካልተገኙ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ እሱም በነፃ ነው።